የተፈቀደውን መተው የለመደ ልብ

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ቀበና ላይ ሲደርስ፣ በረመዳን ቀናት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ግርግር ከሌላው ጊዜ ይለያል። ከሥራ የሚመለሰው እግሩን ያፈጥናል። ሳምቡሳ የሚጠበስበት ደጅ በሰው ይከበባል። ተምርና ሾርባ ቀድሞ ያዘጋጀው በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል። ከእንጦጦ ሥር ተነስቶ ቁልቁል የሚወርደው ወንዝ፣ ከድልድዩ ወዲያና ወዲህ ያሉት ሰፈሮች፣ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወጣው ዳገት ሁሉ አንድ ድምፅ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ያ ድምፅ የመግሪብ አዛን ነው። ውኃው በእጅ ላይ፣ ምግቡ በገበታ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ የለም። ሆኖም አዛኑ ሳይሰማ የሚያነሳው የለም።

በዚህ ዓምድ ስለ ጾም ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ረሃብና ጥም፣ ስለ ዘካና ሶደቃ፣ ስለ ሌሊት ሶላት ነው። ዛሬ ግን ጾም ከሚጠይቃቸው ነገሮች ሁሉ በአደባባይ እምብዛም የማይወራውን አንዱን እናነሳለን። እርሱም በባልና ሚስት መካከል፣ እንዲሁም በተጫጩ ወጣቶች መካከል ያለው ራስን የመግዛት ጉዳይ ነው። ቃል የገቡ ሁለት ሰዎች ፈተና ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? ጾሙስ በዚህ ረገድ ምን ያስተምራቸዋል? ጉዳዩ ትዳር የሚፈርስበትና የሚጸናበት ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም እንላለን።

የሚጾመው ሐላሉን ነው

ጾም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከመጥፎ ነገር መራቅን ነው። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ጾመኛ ከፈጅር እስከ መግሪብ የሚተወው በዋነኛነት መጥፎ ነገር አይደለም። ሐራም የሆነውማ በረመዳንም ከረመዳን ውጭም ሐራም ነው። ጾመኛው የሚተወው የተፈቀደለትን ነው። በላቡ የገዛው እንጀራ፣ ከቧንቧው የቀዳው ውኃ፣ በኒካህ ያገባት ሚስት ሁሉም ሐላል ናቸው። ሆኖም በአዲስ አበባ ለ13 ሰዓታት ገደማ በሚዘልቀው የጾም ቀን ከእነዚህ ሁሉ ይታቀባል።

እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። የራሱ የሆነውን፣ ማንም የማይነቅፈውን፣ ማንም የማያየውን ነገር በፈቃዱ ለሰዓታት መተው የቻለ ሰው፣ የእርሱ ያልሆነውን መተው አልቻልኩም ብሎ ለማመካኘት ይቸገራል። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ነፍሲያውን «ቆይ» ሲላት ከርሟልና። ረመዳን ለትዳር የሚሰጠው የመጀመሪያው ስጦታ ይህ ልምምድ ነው።

የቁርኣን ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ሱረቱል በቀራህ፣ አንቀጽ 187 ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ይናገራል። በጾም ሌሊት ባለትዳሮች መገናኘታቸው የተፈቀደ መሆኑን ከገለጸ በኋላ ባልና ሚስትን አንዱ ለሌላው ልብስ እንደሆነ አድርጎ ያመሳስላቸዋል። ልብስ ገላን ይሸፍናል፣ ከብርድ ይጠብቃል፣ ነውርንም ይከልላል። ንጽጽሩ የመጣው በጾም ሕግ መካከል መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። መታቀብና መቀራረብ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ አንቀጽ የወረደው ለማቅለል ነው። ጾም በተደነገገበት የመጀመሪያ ጊዜ፣ ጾመኛ ማታ አንዴ ከተኛ በኋላ እስከ ቀጣዩ ምሽት ድረስ መብላትም ሆነ ከትዳር ጓደኛው ጋር መገናኘት አይፈቀድለትም ነበር። ይህ ለአንዳንድ ሰሐባዎች ከበዳቸው፤ ከመካከላቸውም ያልቻሉ ነበሩ። አንቀጹ አላህ ድካማቸውን እንዳወቀና ይቅር እንዳላቸው አስታውቆ ሌሊቱን ሙሉ ፈቀደላቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ ራስን መግዛት ማለት የሰውን ተፈጥሮ መካድ እንዳልሆነ ነው። ሃይማኖቱ ራሱ የሰውን አቅም ለክቶ ድንበር አበጀ፤ ድንበሩን ካበጀ በኋላ ደግሞ እንዲጠበቅ አዘዘ።

«ጠፋሁ» ያለው ሰው

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት አንድ ታሪክ በረመዳን ትምህርቶች ላይ ተደጋግሞ ይነሳል። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ መጥፋቱን ተናገረ። ምን እንደገጠመው ሲጠየቅ በረመዳን ቀን ጾመኛ ሆኖ ሳለ ከሚስቱ ጋር መገናኘቱን አልሸሸገም። ነቢዩ ባሪያ ነጻ ማውጣት ይችል እንደሆነ ጠየቁት፤ አልችልም አለ። ሁለት ወር በተከታታይ መጾም ይችል እንደሆነ ጠየቁት፤ አልችልም አለ። 60 ድሆችን መመገብ ይችል እንደሆነ ጠየቁት፤ ይህንንም አልችልም አለ። ጥቂት ቆይቶ ለነቢዩ በቅርጫት ተምር መጣላቸው። ወስዶ እንዲመጸውተው ሰጡት። ሰውየው ግን በመዲና ከዳር እስከ ዳር ከእርሱ ቤተሰብ የባሰ ድሃ እንደሌለ ተናገረ። ነቢዩ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ፤ ተምሩንም ለቤተሰቡ እንዲያበላ ነገሩት።

ይህ ታሪክ ለባለትዳሮች ብዙ ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ጥፋቱ ቀላል አልነበረም። የተጠየቀው ማካካሻ፣ ከፋራው፣ በጾም ሕግ ከባድ ከሚባሉት ነው። የተነካችው የገዛ ሚስቱ ሆና እንኳ የሰዓቱ ድንበር መጣሱ እንዲህ ከከበደ፣ የትዳርን ድንበር መጣስ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ሁለተኛ፣ ሰውየው አልደበቀም። ሚስቱ አሳሳተችኝ አላለም፤ ቀኑ ረዘመብኝ አላለም። ራሱን ከሰሰ። ሦስተኛ፣ ያገኘው መልስ ስድብና ውርደት አልነበረም። ሕጉ ተነገረው፣ አቅሙ ታየ፣ በመጨረሻም ተምር ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በየቤታችን ግን ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ያጠፋው ይደብቃል። የተበደለው ሲደርስበት ቤቱ ይናወጣል። ጥፋቱ ገና ትንሽ ሳለ፣ አንድ መልእክት ወይም አንድ ቀጠሮ ሳለ ቢነገር ኖሮ መድኃኒት ባልጠፋለት ነበር። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ማለታቸው ለዚህም ይሆናል።

መጠንን ማወቅ

የነቢዩ ባለቤት እናታችን አዒሻ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሆነው ሚስቶቻቸውን ይስሙ ነበር። ነገር ግን አዒሻ ይህን ሲናገሩ ከሰው ሁሉ ይልቅ ስሜታቸውን የሚቆጣጠሩት እርሳቸው እንደነበሩ አክለው አስገንዝበዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ጾመኛ ሆኖ ሚስቱን ስለ ማቀፍ የጠየቀ አንድ ሰው ሲፈቀድለት ሌላው ተከልክሏል። ነገሩ ሲታይ የተፈቀደለት ሽማግሌ፣ የተከለከለው ወጣት ነበር።

ሁለቱ ዘገባዎች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚያስተምሩት ነገር አለ። ራስን መግዛት ለሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ለአንዱ ምንም ያልሆነ ነገር ለሌላው የገደል አፋፍ ሊሆን ይችላል። ብልህ ሰው ጓደኛው የት ድረስ እንደሚሄድ አይቶ አይወስንም። እኔ የት ላይ እንደምሸነፍ አውቃለሁ ብሎ ከዚያ ቀድሞ ይቆማል። በትዳር ውስጥ «እኔ እኮ ራሴን አውቃለሁ» የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ራሱን በእውነት የሚያውቅ ሰው ግን የሚያውቀው ጥንካሬውን ብቻ አይደለም። ድካሙንም ያውቃል።

ከኢፍጣር በኋላ ያለው ፈተና

ቀኑን በጾም ያሳለፈ ሰው ፈተናው ከአዛን በኋላ ያለቀ ይመስለዋል። በተግባር ግን አንዳንዱ ፈተና የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሆድ ከጠገበ፣ ድካሙ ከቀለለ በኋላ ስልክ ይነሳል። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ «ረመዳን ከሪም» ብላ መልእክት ልካለች። በሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ አብሮ የዋለ ባልደረባ «እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ጽፏል። መልካም ምኞቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ሰላምታው ወደ ወግ፣ ወጉ ወደ ምስጢር፣ ምስጢሩ የትዳር ጓደኛን ወደ ማማት ሲሸጋገር ማንም ደወል አይደውልም። ስልኩ ፊቱን ወደ ታች ተደፍቶ መቀመጥ ሲጀምር፣ የምስጢር ቁጥሩ ሲቀየር፣ ወግ ሲሰማ ዞር ተብሎ መነጋገር ሲመጣ ነገሩ ሩቅ ሄዷል።

ለተጫጩ ወጣቶች ደግሞ ፈተናው መልኩ ሌላ ነው። የቤት ኪራይ ሲወደድ፣ የሠርግ ወጪ ሲከብድ፣ ቀኑ ዛሬ ነገ እየተባለ ይገፋል። ቃል የተገባቡ ሁለት ወጣቶች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጠባበቃሉ። ከቀበና ሽቅብ ሲወጣ እንጦጦ ቅርብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ጥላው፣ ነፋሱና ከላይ የሚታየው ከተማ ብዙ ጥንዶችን ይስባል። መተያየቱ፣ ስለ ወደፊት ኑሮ መነጋገሩ ተገቢ ነው። እስልምና የሚከለክለው ኒካህ ሳይታሰር ሁለቱ ብቻቸውን ሰው በሌለበት መገለላቸውን፣ ኸልዋ የሚባለውን ነው። ወጣቶች ይህን አንዳንድ ጊዜ እንደ አለመታመን ይቆጥሩታል። ምክንያቱ ግን አለመታመን አይደለም። እሳትና ጭድን አንድ ላይ አኑሮ እሳቱን መውቀስ እንደማይቻል ማወቅ ነው። እኅት ወይም ወንድም አብሮ ቢሄድ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ቢሄዱ፣ ቀን በብርሃን ቢገናኙ ፍቅራቸው አይቀንስም። ሠርጉንም በአቅም ልክ አሳንሶ ማፋጠን ከሁሉ የሚበልጥ መፍትሔ ነው፤ ይህ ደግሞ የወላጆችም ኃላፊነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማግባት የቻለ ወጣት እንዲያገባ፣ ያልቻለ እንዲጾም የመከሩትም ጾም ጋሻ ስለሚሆነው ነው።

ወደ በሩ የሮጠው

ስለ ፈተና ሲነሳ የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ታሪኩ በቁርኣን 12ኛው ምዕራፍ በዝርዝር ተነግሯል፤ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ከኦሪት ዘፍጥረት ያውቁታል። ወጣቱ ዩሱፍ ከአገሩ ተሽጦ በሰው ቤት ያድራል። የቤቱ እመቤት ትመኘዋለች፤ በሮቹንም ትዘጋለች። ዘመድ የለው፣ ጠያቂ የለው፣ የሚያየው የለ። በአላህ ተጠበቀ። ከዚያስ ምን አደረገ? ክርክር ገጥሞ እዚያው አልቆየም። ወደ በሩ ሮጠ። ቀሚሱ ከኋላ ተቀደደ። የእውነቱ ምስክር የሆነውም ይኸው ከኋላ የተቀደደ ቀሚስ ነበር፤ እየሸሸ እንደነበር አሳይቷልና።

ብዙዎቻችን ጽናትን የምናስበው ከፈተናው ፊት ቆሞ ጥርስን እንደ መንከስ ነው። የዩሱፍ ጽናት ግን እግር ነበረው። በዘመናችን የሥነ ልቦና አጥኚዎች ያገኙትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በጀርመን 205 አዋቂዎች ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ውስጥ እየተጠየቁ ምን እንደተመኙና ምኞታቸውን እንዴት እንደተቋቋሙ መዝግበዋል። ራሳቸውን በመግዛት ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ከምኞታቸው ጋር ሲታገሉ የዋሉ አልነበሩም። እንዲያውም ከሌሎቹ ያነሰ ትግል ነበር የገጠማቸው። አጥኚዎቹ ይህን ሲያብራሩ፣ እነዚህ ሰዎች ኑሯቸውን ቀድሞውኑ ፈተና በማይበዛበት መንገድ ሳያዘጋጁት አልቀሩም ይላሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዋልተር ሚሸል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሕፃናት ላይ ያደረገው ሙከራም ይታወቃል። ለሕፃኑ አንድ ጣፋጭ ከፊቱ ይቀመጥለታል፤ ሳይበላ ከጠበቀ ሁለት እንደሚያገኝ ይነገረዋል። ትዕግሥተኞቹ ልጆች ወደፊት የተሻለ ሕይወት ይኖራቸዋል የሚለው ድምዳሜ ኋላ ላይ በሰፊ ጥናት ሲፈተሽ እንደተባለው ያህል ጠንካራ ሆኖ አልተገኘም። ልጆቹ እንዴት እንደጠበቁ ግን አሁንም ያስተምራል። ጣፋጩን ትኩር ብለው ያዩት ቶሎ ተሸነፉ። ዓይናቸውን የሸፈኑት፣ ፊታቸውን ያዞሩት፣ ዘፈን ያንጎራጎሩት ቆዩ።

ዓይንን መስበር የሚለው የቁርኣን ትእዛዝ እዚህ ላይ ይታወሰናል። ትእዛዙ በ24ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱን ኑር፣ አንቀጽ 30 እና 31 ላይ ይገኛል። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ዓይናቸውን እንዲሰብሩና ክብራቸውን እንዲጠብቁ በመጀመሪያ የታዘዙት ወንዶች ናቸው። ሴቶች የታዘዙት ቀጥሎ ነው። በሰፈራችን ወግ ግን ስለ ፈተና ሲወራ ተግሣጹ ሁሉ በሴቷ ላይ ይወድቃል። አለባበሷ ይታያል፣ አረማመዷ ይተቻል፣ ስልኳ ይፈተሻል። ወንዱ «ወንድ አይደል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ከሃይማኖቱም፣ ከፍትሕም ጋር አይሄድም። ኒካህ የታሰረው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ ቁርኣን ጽኑ ቃል ኪዳን የሚለውን የሚሸከመውም የአንዱ ትከሻ ብቻ አይደለም።

ባሕር ሲለያቸው

በአገራችን የትዳር ጽናት በጽኑ የሚፈተንበት አንዱ መንገድ ስደት ነው። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መመለሳቸው፣ ምን ያህል ቤተሰብ በባሕር ተለያይቶ እንደሚኖር ያሳያል። ሚስት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ባል ሁለት ዓመት ብሎ ወጥቶ አራትና አምስት ዓመት ይቆያል። ትዳሩ በስልክ ድምፅና በሚላክ ገንዘብ ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ የቀረውም፣ እዚያ ያለውም ሰው ነው። ብቸኝነት ይጫነዋል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በአንድ ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ ባሏ ዘምቶ የራቃት ሴት ናፍቆቷን ስታሰማ እንደሰሙ ይነገራል። እርሳቸውም ሴቲቱን ለመቅጣት አልተነሱም። ሴት ልጃቸውን ሐፍሳን (ረ.ዐ) ጠሩና አንዲት ሴት ያለ ባሏ ምን ያህል ልትታገሥ እንደምትችል ጠየቁ። ዘገባዎቹ በወራቱ ቁጥር ይለያያሉ፤ አራት የሚሉም ስድስት የሚሉም አሉ። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። ኸሊፋው ወታደሮች ከዚያ ገደብ በላይ ከቤታቸው እንዳይርቁ አዘዙ።

ዑመር ጽናትን ከሴቲቱ ብቻ አልጠየቁም፤ ፈተናውን የፈጠረውን ሥርዓትም አስተካከሉ። ለተለያዩ ጥንዶችም ትምህርቱ ይህ ነው። «ታማኝ ሁን፣ ታማኝ ሁኚ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። ከመለያየት በፊት ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ በግልጽ መስማማት፣ የመመለሻውን ቀን ማክበር፣ የሚላከው ገንዘብ ለምን እንደሚውል አብሮ መወሰን፣ ልጅ ሲታመምም ሆነ ቤት ሲፈተን ሳይደባበቁ መነጋገር ከፈተናው ግማሹን ያነሳሉ። የአንድ ወገን ዝምታ ሲረዝም የሌላው ልብ ሌላ ጆሮ መፈለጉ አይቀርም።

መራቅም ልክ አለው

ራስን መግዛት ሲባል ከትዳር ጓደኛ መራቅ የሚመስለውም አለ። ቡኻሪ የዘገቡት የሰልማንና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ታሪክ ይህን ያርማል። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ያሳልፉ ነበር። ወዳጃቸው ሰልማን ሊጠይቋቸው ሲመጡ ባለቤታቸውን ራሷን ጥላ አገኟት። ምክንያቱን ሲጠይቋት ወንድምህ ለዚህ ዓለም ነገር ግድ የለውም አለቻቸው። ሰልማን አቡ ደርዳእን አስቀምጠው ለጌታቸው፣ ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ሐቅ እንዳለባቸው፣ ለእያንዳንዱም ሐቁን እንዲሰጡ መከሯቸው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር ሰልማን ትክክል እንደተናገሩ አጸኑ።

በረመዳን ይህ ይበልጥ ሊታሰብ ይገባል። ባል ከኢፍጣር ወደ ተራዊህ፣ ከተራዊህ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል። ሚስት ከቀትር ጀምሮ ምድጃ አጠገብ ናት፤ ሌሊት ደግሞ ለሱሁር ቀድማ የምትነሳው እርሷ ናት። ወሩ ሲያልቅ አንዱ በኢባዳ ረክቷል፣ ሌላዋ ደክማለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን አዒሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ሳምቡሳውን አብሮ የሚጠቀልል፣ ሰሃኑን አብሮ የሚያጥብ ባል ትዳሩን ከፈተና እየጠበቀ ነው። በጥናትም የታየው ይህንኑ ያጠናክራል። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴኒስ ጆንሰንና የካሪል ረስበልት ጥናት፣ ለግንኙነታቸው ጽኑ ቃል ያላቸው ሰዎች ሌላ ማራኪ ሰው ሲያጋጥማቸው ያን ሰው በዓይናቸው ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቷል። ጽኑ ቃል ራሱ ጥበቃ ይሆናል ማለት ነው። ጽኑ ቃል ደግሞ በየቀኑ በትናንሽ ደግነት ካልተመገበ ይከሳል።

በ2017 ዓ.ም. የቀበና ጎረቤታሞች ይህን ትምህርት በሁለት ወገን ተምረውት ነበር። ረመዳን የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲገባ፣ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾምን ከያዙ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር። በእነርሱም ሥርዓት ባልና ሚስት በጾም ወራት ከመኝታ ይታቀባሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ባለትዳሮች የሚለያዩት በስምምነትና ለጊዜው እንዲሆን መክሯል። ሥርዓቱ ይለያያል፤ በእስልምና እገዳው በመግሪብ ያበቃል። ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች፣ ፍቅርና መታገሥ እንደማይጣሉ በአንድ ሰሞን መስክረዋል።

ሕግ የሚደርሰው ኋላ ነው

የአገራችን ሕግም ጉዳዩን አልዘነጋውም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እርስ በርስ መተማመን እንዳለባቸው ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 ደግሞ አመንዝራነት የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ሲያቀርብ የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ይገልጻል። ተከራካሪዎች ሲስማሙ የጋብቻና የፍቺ ጉዳያቸውን የሚያዩ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተደራጅተዋል። ሆኖም ዳኛ ፊት የሚቆሙት ጥንዶች ብዙውን ጊዜ መጠበቅ የነበረባቸው ነገር ከእጃቸው ካመለጠ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ፍርድ ቤት ንብረት ያካፍላል፣ የልጅ ቀለብ ይቆርጣል፤ የተሰበረ አመኔታን ግን በውሳኔ አይጠግንም።

ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ቀድሞ፣ በቤት ውስጥ ነው። ጾመኛ ለቀኑ በሌሊት ኒያ እንደሚያደርግ፣ ለሱሁር ተነስቶ እንደሚዘጋጅ ሁሉ፣ ባለትዳሮችም ፈተናው ሳይመጣ ሊነጋገሩ ይችላሉ። የትኛው ወዳጅነት ያሳስበኛል? የትኛው የስልክ ልማድ ያስቀይመኛል? ከማን ጋር ብቻችንን ባንሆን ይሻላል? ይህ ጥያቄ ለምርመራ ከሆነ ይመርዛል፤ ለመጠባበቅ ከሆነ ያቀራርባል። በጓዳ የተጀመረ ጥፋት ካለ ገና በእንጭጩ ሳለ መናገር፣ የተነገረውም ሰው ቁጣውን ገትቶ ማድመጥ ያስፈልጋል። ነገሩ ከሁለቱ አቅም በላይ ከሆነ ቁርኣን በአራተኛው ምዕራፍ አንቀጽ 35 እንዳመለከተው ከባልም ከሚስትም ወገን አንድ አንድ አስታራቂ ሽማግሌ መጥራት የቆየ ባህላችንም ነው።

ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዒድ ይመጣል፣ ገበታውም ቀን በቀን ይዘረጋል። ሰኞና ሐሙስን፣ የሸዋልን ስድስት ቀናት የሚጾሙ ልምምዱን ያስቀጥላሉ። ለትዳር የሚሆነው ጾም ግን ወር አይጠብቅም። ስልኩን አስቀምጦ የትዳር ጓደኛን ማዳመጥ፣ ሊጻፍ የታሰበውን መልእክት መተው፣ መግባት የማይገባውን በር ሳይገቡ ማለፍ በማንኛውም ቀን ይቻላል። ለአንድ ወር ውኃን «ቆይ» ያለ ምላስ፣ ዓመቱን ሙሉ ለማይገባው ቃል «አይሆንም» ለማለት አቅም አለው።